ባለ አስራ ስምንቱ ዳዶ

ዮንግዶ፣ ቡሳን
እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1998

ለናሬ አባት፣

አዎ፣ ጣሪያው ተጠግኗል። አዎ፣ ምድጃውን ሳልተኛ አጠፋዋለሁ። በየደብዳቤህ እነዚህን ሁለቱን ስትጠይቀኝ ሦስት ዓመት ሞላህ፤ ሌላ የሚጠየቅ ጠፍቶህ ነው ወይስ የቤት ዘበኛ አድርገህ ቀጥረኸኝ ነው የሄድከው? ለማንኛውም ሰላምታዬ ይድረስህ። ያ ስኩዊድ ዓሣ የምታሳድዱበት ባሕር እንዴት ይዞሃል? ከሞተር ክፍሉ ሙቀት ወጥተህ ነፋስ ላይ አትቁም፤ ደረትህን አውቀዋለሁ።

እኛ ደህና ነን። እናታችን ብርዱ ሲጠና ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሆኖም ሱቁን ለእኔ ጥለው መቀመጥ አይሆንላቸውም፤ አንድ ሰው ምስማር ሊገዛ ብቅ ሲል ቀድመው የሚነሱት እሳቸው ናቸው። ናሬ ፈተናዋን አልፋለች፤ በመጪው ወር ዴጉ ኮሌጅ ትገባለች።

አሁን ወደማልወደው ወሬ ልግባ። ይቅርታ እየጠየቅሁ ነው የምጽፈው፤ አንተም ስታነበው ይቅር እያልክ አንብበው።

እዚህ የሚሆነውን በሬዲዮ ሳትሰሙ አትቀሩም። አገሩ በዕዳ ተቸግሯል ተብሎ ሰው ሁሉ ወርቁን ለአገሩ ሊሰጥ ባንክ በር ላይ ይሰለፋል። የልጆች የአንደኛ ዓመት ልደት ቀለበት እንኳ አልቀረም። ሰፈራችን ውስጥ ያልሄደ ሰው ሳጣ እኔም ሄድኩ። ቀለበታችንን ሰጠሁት። ተሰልፌ ሳለሁ ምንም አልመሰለኝም ነበር፤ የከበደኝ ቤት ስመለስ ነው። ስትናፍቀኝ በአውራ ጣቴ ሳሽከረክረው እውል ነበር፤ አንተ ይህን አታውቅም። አሁን አውራ ጣቴ ይሄድና ባዶ ቆዳ ያገኛል።

እናታችን እንዳያዩብኝ ደግሞ ፈራሁ። እሳቸው ራሳቸው ጣቴ ላይ አድርገው የዳሩኝ ቀለበት ነዋ። ስለዚህ እሳቸው ለጉልበታቸው መርፌ ሊወጉ ሲሄዱ ከመሳቢያው አንድ የናስ ዳዶ፣ የቡሎን ማሰሪያ፣ አወጣሁ። ባለ አስራ ስምንት ሚሊሜትሩን። ሞርሳው ላይ አስሬ የውስጥ ጥርሱን በክብ ሞረድ ጠርጌ ጨረስኩ፤ ከዚያ ማዕዘኖቹን አነሳሁ፤ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻ በጥርስ ሳሙና። ከአምስት ክንድ ርቀት ያየው ሰው ወርቅ ነው ይላል። ስድስቱንም ማዕዘን ግን አላጠፋሁም፤ አንዱን ትቼዋለሁ። አውራ ጣቴ እንዲያገኘው ነው።

ችግሩ ጣቴን አረንጓዴ ያደርገዋል። መድኃኒቱን ታውቃለህ? ስትቆጣም በዚያው ደብዳቤ ተቆጣኝ፤ ሌላ ደብዳቤ መጠበቅ አልችልም። በመከሩ በዓል በቹሶክ ቤት ትገባለህ አይደል? እሱን ብቻ ንገረኝ።

የናሬ እናት


ደቡብ አትላንቲክ
ኤፕሪል 6 ቀን 1998

ለናሬ እናት፣

ደብዳቤሽ ስኩዊዱን ከምትወስድልን የጭነት መርከብ ጋር ትናንት ደረሰኝ። ሁለት ወር ፈጀበት።

ተቆጥቻለሁ ብዬ ልዋሽ አልችልም፣ አልተቆጣሁምም ብዬ ልዋሽ አልችልም። አንድ ቀን ሙሉ ከሰው አልተነጋገርኩም። ሁለተኛው የሞተር ሰው «ሆድህን ነው ወይ?» አለኝ። «የሚስቴ ጣት ነው» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ወጥቶልኛል። የእኔው ቀለበት አንገቴ ላይ በገመድ አለ፤ ሞተር ክፍል ውስጥ ጣት ላይ አይደረግም። ሁለታችንም እኩል ባዶ ጣት ነን ማለት ነው።

ስለ አረንጓዴው፦ ኮምጣጤ በጨው ቀላቅለሽ ዘፍዝፊው፣ እጠቢው፣ በደንብ ይድረቅ። ከዚያ በውስጥ በኩል ብቻ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቢው። ናሬ ሳይኖራት አይቀርም። ሲላጥ መልሰሽ ትቀቢዋለሽ።

ባለ አስራ ስምንቱን መምረጥሽን ሳነብ ግን ሳቅሁ። ያንን ጣት ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ለአክስትሽ በር ማጠፊያ ልትገዢ የመጣሽ ቀን ጨዋታ አስመስዬ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ ጣትሽ ላይ ሳስገባ ትዝ ይልሻል? ባለ አስራ ስድስቱ አንጓሽ ላይ ቆመ፣ ባለ ሃያው ወደቀ፣ ባለ አስራ ስምንቱ ሄዶ ተቀመጠ። እሱን ኪሴ ከትቼ ነው ወርቅ ሠሪው ጋ የሄድኩት። ልዩነቱ ያኔ ከነጥርሱ መግባቱ ነው። አሁን ጥርሱን ሁሉ ጠርገሽ ነው ልክ የሆነልሽ። ጣትሽን ያወፈረው የሃያ ዓመት ሩዝ ነው፤ የእናቴ እጅ ይባረክ።

አንዱን ማዕዘን መተውሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ስለ ቹሶክ የጠየቅሽኝን በሌላ ደብዳቤ እመልሳለሁ፤ የጭነት መርከቧ ልትነሳ ነው። ምድጃውን አደራ።

ቾልጉ


ዮንግዶ፣ ቡሳን
ሜይ 27 ቀን 1998

ለናሬ አባት፣

የሃያ ዓመት ሩዝ አልክ? ይሁን። መርከብ ላይ ሆነህ ነው እንዲህ የምትደፍረው።

ጥፍር ቀለሙ ሠርቷል። እናታችን ግን ደረሱብኝ። አንድ ማለዳ ሩዝ ሳቀርብላቸው እጄን ያዙ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀለበቴ ነው እናቴ፤ ወልውዬው ነው።»

«ሠላሳ ዓመት ዳዶ ሸጬ ዳዶ ይጠፋኛል? ከሁለተኛው መደርደሪያ፣ ከግራ አራተኛው መሳቢያ። ናስ።»

አፈርኩ። ይቅርታ ልል ስጀምር ከብርዱ ወራት ጀምሮ ያላወለቁትን የሱፍ ጓንት አወለቁ። ያ ከእናታቸው የወረሱት ጥንድ ቀለበት የለም። ለካ ከእኔ በፊት በነበረው ሳምንት ተሰልፈው ሰጥተዋል፤ እኔ እንዳላይባቸው ነው ቤት ውስጥ ጓንት አድርገው ሲበሉ የከረሙት። ኋላ «ለእኔም አንድ አድርጊልኝ፣ ግን ማዕዘን አትተይብኝ፤ እኔ የምጠብቀው ሰው የለኝም» አሉኝ። ያረፉት አባትህ ትዝ ብለዋቸው ነው መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ምስማር ሲለዩ ዋሉ።

ወሬው ከዚያ አመለጠ። የሱኩን እናት ታውቃታለህ፣ ከመርከብ ጎን ላይ ተንጠልጥላ ዝገት የምትቀጠቅጠዋ። በመዶሻው ጆሮዋ ደክሟል፤ ስለዚህ ስታወራ ማዶ ወደቡ ድረስ ይሰማል። ሱቅ ገብታ «ማልሱን፣ ለአማትሽ የሠራሽውን ለእኔም ሥሪልኝ» አለች። «ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል» አልኳት። «ይስማ፤ ሁሉም እጁ ባዶ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የመንገዱ ሴቶች በሙሉ ተራ በተራ መጡ። ለአንዷ ከመዳብ ሽቦ አምባር ጠመዘዝኩ። ለሌላዋ ሮንዴላ፣ ያ ከዳዶ ሥር የሚገባውን ስስ ክብ ብረት፣ በቧንቧ ላይ ቀጥቅጬ የጆሮ ጌጥ ሠራሁ። የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ መድፈኛው የሚንጠለጠልበትን፣ ፍሬ ፍሬ የሆነውን ሰንሰለት ደግሞ ለናሬ ሐብል አደረግሁላት፤ ዴጉ ያሉ ጓደኞቿ ከየት ገዛሽው እያሉ አስቸገሯት። መስኮቱ ላይ ከመዶሻውና ከማጠፊያው ጋር ደርድሬዋለሁ። ብታየው ትስቃለህ። ብታየው ደስ ይለኝ ነበር። ከሁሉም በላይ የምፈልገው እሱን ነው፣ ቆመህ መስኮቱን ስታይ እኔ ከውስጥ ሆኜ አንተን ማየት።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንዲት ደንበኛ የሠራሁላት ባለ አስራ ስምንት ሰፋባት። ስትሠራ ይወልቅባታል። ማጥበብ ይቻላል ወይስ አዲስ ልሥራላት? እሷ አዲስ አልፈልግም ትላለች።

ደብዳቤዬ እዚህ ላይ ይቁም። ሰሞኑን ቶሎ ይደክመኛል፤ የዝናቡ መዳረሻ አየር ነው። እናታችን የሩዝ አጥሚት ሠርተው እየጠሩኝ ነው። ስለ ቹሶክ የምልህን ታውቀዋለህ።

የናሬ እናት


ደቡብ አትላንቲክ
ጁላይ 14 ቀን 1998

ለናሬ እናት፣

እዚህ ብርዱ በርትቷል። ገመዱ ሁሉ በረዶ ይዞ እንደ እንጨት ይቆማል። እኔ ከታች ሞተር ክፍል ስለሆንኩ አታስቢ።

የእናቴን ጓንት ነገር ለመርከቡ ሰው ሁሉ አነበብኩላቸው። ካፒቴኑ ሳቀ፣ ከዚያ ተነስቶ ወጣ። የእሱም እናት ሰጥተዋል አሉ።

ማጥበቡ ቀላል ነው። በቀጭን መጋዝ አንድ ቦታ ቁረጪው። ከተቆረጠው አፍ ላይ የወረቀት ያህል ሞርደሽ ቀንሺ፤ ብዙ አትቀንሺ፣ የተቀነሰ ናስ አይመለስም። በሞርሳ ቀስ እያልሽ ግጠሚው። ከዚያ በቀለጠ ስታኞ አያይዢው። መጋጠሚያው ነጭ መስመር ያስቀርበታል፤ መስመሩን በመዳፍ በኩል እንድታደርገው ንገሪያት። አዲስ አልፈልግም ማለቷን ወድጄላታለሁ። ማናት? የሱኩ እናት እንዳልሆነች አውቃለሁ፤ የእሷ ጣት ባለ ሃያ አራትም አይበቃው።

ስለ መስኮቱ የጻፍሽውን አንብቤ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እኔ በዚህ ነገር ላይ አፌ እንደሚተሳሰር ታውቂያለሽ። ስፈታው የዋልኩትን ፓምፕ መልሼ ስገጥም አንድ ቡሎን እጄ ላይ ተረፈ። በሃያ አምስት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም። መልሴ እሱ ነው።

ቹሶክን በተመለከተ ካፒቴኑ ገና አልወሰነም።

ድካም ያልሽው እንዴት ሆነ? እኔ ሳልነግርሽ ሐኪም ዘንድ የማትሄጂ ሰው ነሽ። ሂጂ።

ቾልጉ


ዮንግዶ፣ ቡሳን
ኦገስት 25 ቀን 1998

ለናሬ አባት፣

ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። ጨጓራ ነው አለ፤ አጥሚት ብይ አለ። እየበላሁ ነው። ስለዚህ እሱን አትጠይቀኝ።

ወረቀቱ ባለ መስመር ስለሆነ ይቅርታ፤ የናሬ ደብተር ነው። እሷ ሱቁን ይዛልኛለች፣ እኔ እህቴ ዘንድ ትንሽ አርፋለሁ። ጽሑፌ ቢንጋደድ ተኝቼ ስለምጽፍ ነው፤ እንዲያው ስንፍና ነው።

ያቺ ደንበኛ እንዳልከኝ ተቆርጦ ተበየደላት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላት እንደገና ሰፋ። ሁለተኛ ቆረጥኩት። አሁን ደግሞ ቢቆረጥ ያ ያልተሞረደው ማዕዘን አብሮ ይሄዳል፤ እሱ እንዲነካባት አትፈልግም። ከመሳቢያው ያልተሠራ ባለ አስራ ስምንት ወስዳ ከነጥርሱ አስገባችው። ልክ ሆናት። ሄዶ ተቀመጠ። ጥርሱ ግን ይወጋታል፣ ቆዳዋ ስስ ሆኗል። ጥርሱን ሳልሞርድ የማይወጋበት መንገድ አለ?

አየሩ ጥሩ ነው። መዶሻው ከመርከብ መጠገኛው እስከዚህ አይሰማም፤ ሃያ ዓመት ሲረብሸኝ ኖሮ አሁን ናፈቀኝ።

ሞተርህ ደህና ይሁን።

የናሬ እናት


ሞንቴቪዴኦ ወደብ
ኦክቶበር 9 ቀን 1998

ማልሱን፣

በስምሽ ስጠራሽ አትደንግጪ። የናሬን እናት አይደለም የምጽፍላት ዛሬ።

ከነጥርሱ ባለ አስራ ስምንት ዳዶ ሄዶ የሚቀመጥበት ጣት አንድ አውቃለሁ። በሃያ ሁለት ዓመቷ ማጠፊያ ልትገዛ የመጣች ልጅ ጣት ነው። በፌብሩዋሪ ያ ጣት ጥርሱ የተጠረገ ዳዶ ይሞላ ነበር። ማዕዘን የተተወለት ቀለበት ደግሞ በዮንግዶ አንድ ብቻ ነው፤ ራስሽ ነሽ የጻፍሽልኝ።

ሥራዬ ይሄ ነው። ዘንጉን እንደ ቀለበት የሚያቅፈው ቦኮላ ሲላላ ጀማሪ ሁሉ ቦኮላው ሰፋ ይላል፤ ቦኮላውን አጥብቦ ይገጥማል፣ በሳምንቱ መልሶ ይላላል። መልሶ ከላላ ግን ቦኮላው አይደለም የሰፋው። የሚያልቀው ዘንጉ ነው። ይህን ለስንቱ ጀማሪ ስጮህ ኖሬ፣ አንቺ «ሰፋባት» ስትይኝ በመጋዝ ቁረጪ ብዬ መለስኩልሽ። ሁለት ጊዜ አስቆረጥኩሽ። ከዚህ የባሰ ስህተት በሕይወቴ አልሠራሁም።

ደብዳቤዎችሽን ደግሜ አነበብኳቸው። አጥሚቱ። ተኝቶ መጻፉ። ትምህርት በሚጀመርበት ሰሞን ናሬ ሱቅ ውስጥ። ከሁሉም ያስፈራኝ ቹሶክ ትመጣለህ ወይ አለማለትሽ ነው።

የጭነት መርከቧ እዚህ ወደብ ስታደርሰኝ ስልክ ደወልኩ። እናቴ አነሱት። ማልሱን የት ናት አልኳቸው። «ገበያ ሄዳለች።» ከአንድ ሰዓት በኋላ ደወልኩ፤ ገበያ ሄዳለች። ሦስተኛም ደወልኩ፤ ገበያ። እናቴ ውሸት ለምደው አያውቁም፤ አንድ ብቻ ነው ያላቸው። «እናቴ፣ ምን ልትገዛ ነው?» ስላቸው ማልቀሳቸውን ሰማሁ። ከሆስፒታሉ ስም ሌላ አልነገሩኝም፤ ለአንቺ ቃል ገብተዋል። አትቆጫቸው።

አሁን የእኔ ተራ ነው። ካፒቴኑ ገና አልወሰነም ያልኩሽ ውሸት ነው። በጃንዋሪ፣ የአገሩ ነገር ሲሰማ፣ ለአንድ ዓመት እንደገና ፈርሜ ነበር። ለናሬ ትምህርት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ላንቺ ለመንገር ግን ቃል አጣሁ። አንቺ ቀለበትሽን ሰጥተሽ በዚያው ሳምንት ነገርሽኝ። እኔ አንድ ዓመታችንን ሰጥቼ ዘጠኝ ወር ደበቅሁሽ። ካፒቴኑ ዘንድ ገብቼ ስሜን ሰርዝ አልኩት። «ምን አገኘህ?» አለኝ። «የዳዶ ቁጥር» አልኩት። አልገባውም፣ ግን ሰረዘው።

ለአውሮፕላኑ የሚያስፈልገኝ ወረቀት ከመርከቧ ጉዞ ይልቅ ይዘገያል አሉኝ። ስለዚህ ነገ ከስኩዊዱ ጋር እጫናለሁ። በዲሴምበር መግቢያ ቡሳን ነኝ። ይህ ደብዳቤ በአየር ይቀድመኛል።

ከውስጡ የምታገኚው ቀለበት ከድሮው የፓምፕ ቦኮላ በቶርኖ የወጣ ነው። አንድ ማዕዘን አለው፣ በሞረድ ነው ያወጣሁት፤ አውራ ጣትሽ ሳይለየው አይቀርም። እንዳትደነግጪ፣ ሆን ብዬ አንድ ቦታ ላይ ቆርጬዋለሁ፤ አፉ አይገናኝም። ዘንግ ላይ ቦኮላው እንዳይሸሽ የምንቆልፍበትን ክፍት ቀለበት ብዙ ጊዜ ሸጠሻል፤ እንደዚያ ነው። ብትከሺ በጣትሽ ጫን በይው፣ ይገጥማል። ብትወፍሪ በፒንሳ ከፈት ይደረጋል። ቁጥር የለውም። የቱንም ብትሆኚ ልክሽ ነው።

ከዚህ በኋላ ምንም አትሥሪ፣ ምንም አትቁረጪ። ጠብቂኝ። ያለ አንቺ እዚያ ሱቅ ውስጥ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ምድጃውን የማጠፋው እንኳ ለማን ብዬ ነው?

ቾልጉ


ቡሳን፣ ከሆስፒታል
ኖቬምበር 29 ቀን 1998

ለናሬ አባት፣

ይህን ናሬ ባለ አስራ ስምንቱ መሳቢያ ውስጥ እንድታስቀምጥልኝ ነው የሰጠኋት። ሱቅ ስትገባ መጀመሪያ የምትከፍተው እሱን እንደሆነ አውቃለሁ። አብዛኛውን እናታችን ከወደብ እስከ ቤት ይነግሩሃል፤ ቃላቸውን ከመለስኩላቸው ወዲህ አፋቸው አልተዘጋም።

በኦገስት ቀደዱኝ። ጨጓራዬን ከሲሶው በቀር አወጡት። ያኔ የጻፍኩልህ ከቀደዱኝ በስድስተኛው ቀን ነው፤ እህቴ ዘንድ ያልኩህ እዚሁ ነው። ያልነገርኩህ ብትመጣ ደስ ስለማይለኝ አልነበረም። ነግሬህ በጊዜ ሳትደርስ ብትቀር፣ ያን ሁሉ ባሕር እያሰብክ ስትመጣ ማየት ስለማልችል ነው። ቹሶክን ያልጠየቅሁህም «አልመጣም» ብለህ ብትጽፍ እንዳልሰማው ነው። ፈሪ ነኝ። ስለ ፊርማህ በኋላ እንጣላለን፤ ለእሱ ጉልበት እያጠራቀምኩ ነው።

ደንበኛዋን ግን መቼ እንደምትደርስባት እጠብቅ ነበር። ከነጥርሱ ስጽፍልህ አንድ እጄ ሊነግርህ፣ አንዱ ሊደብቅህ ይታገሉ ነበር። እንዳትደርስባት የምፈልግ ብሆን ኖሮ ሌላ ቁጥር እጽፍልህ ነበር።

ቀለበቱ የደረሰኝ ለካንሰሩ መድኃኒት ሁለተኛ ጊዜ የገባሁ ቀን ነው። እስከመጨረሻው ተጫንኩት፣ አፉ ሊገናኝ ምንም አልቀረውም፤ በዚያም ላይ ክር ጠቀለልኩበት። የሱኩ እናት ልትጠይቀኝ መጥታ አየችውና «ይሄ ሰው ሃያ አምስት ዓመት ሠርቶ መግጠም አልለመደም» ብላ ጮኸች። ክፍሉ ውስጥ ያለነው በሽተኞች ሁሉ ሳቅን። መሳቅ ስፌቱን ያማል።

ከዚያ አጥሚቱ ወደ ሩዝ ተለወጠ። ባለፈው ሳምንት ክሩን ፈታሁት። ሐኪሙ ስለሚመጣው ዓመት ምንም ቃል አይሰጠኝም፤ በየሦስት ወሩ ይታያል ይላል፣ እሱን አንተም ከእኔ ጋር ትሰማዋለህ። እኔ የማውቀውን ብቻ ልንገርህ።

የምተኛው ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ አጠገብ ነው። ከታች በሩ ፊት ለፊት ብትቆም አይሃለሁ። ስትደርስ ወዲያው አትግባ፤ ትንሽ ቁምልኝ።

ምድጃውን አጥፋና ውጣ። ደግሞ ቀለበቱ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጣቴ ላይ እየጠበበኝ ነው። ፒንሳውን ይዘህ ና።

ማልሱን